ተቀባ እንጂ መቼ ተሠራ?

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ጊንጪ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ የመኪናዬን የባትሪ መቀመጫ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ፣ አንድ የሠፈራችን ሰው ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ «ጋዜጠኛው! አገር እንዲህ ሆና አንተ ቆርቆሮ ትቀባለህ እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁና ዝም አልኩ። ሰውዬው ግን እውነቱን ነው። እንደኔ ያለ በየጋዜጣው ጽሑፍ እየሸጠ የሚኖር ሰው፣ ያውም በዚህ ኑሮ፣ ስለ ቀለም የሚያስብበት አንጀት ከየት አመጣ? መልሱን ያኔ አልነገርኩትም። እዚህ ልጻፍለት።

መጀመሪያ ስለ አገሩ። ጊንጪ ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በኦሎንኮሚ አድርጎ ወደ አምቦ የሚወርድ ሰው ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ ናት። በኅዳር 2008 ተማሪዎቿ ስለ ጭሊሞ ደንና ስለ ኳስ ሜዳቸው አደባባይ ወጥተው፣ ያ ተቃውሞ ኦሮሚያን ሲያዳርስ አገር ሁሉ ስሟን ሰማ። ከዚያ በፊት የምትታወቀው በጤፏና በጥቁር መረሬ አፈሯ ነበር። የዛሬው ጉዳዬም የሚጀምረው ከዚሁ አፈር ነው። መረሬ ክረምት ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ በጋ ላይ ይሰነጣጠቃል። ከአስፋልት ወጥታ ወደ ገጠር የገባች መኪና ጭቃውን ከኮፈኗ ሥር ይዛ ትመለሳለች። ጭቃው እርጥበቱን ይይዛል፣ እርጥበቱ ላሜራውን ይበላል። የባትሪ መቀመጫው፣ የራዲያተሩ ደጋፊ፣ የአየር ፊልትሮው ቆርቆሮ አንድ በአንድ እንደ እንጀራ ዓይን ይበሳሳል። እንግዲህ ለእኛ ቀለም ጌጥ አይደለም፤ የቆርቆሮ ልብስ ነው።

መኪናዬ ዲኤክስ ናት። ቶዮታ ኮሮላ፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች፣ 1,300 ሲሲ፣ ካርቡራተር ያላት፣ ከባለቤቷ በዕድሜ የምትበልጥ። ለምን አሮጊት ትነዳለህ የሚለኝ ቢኖር «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ነው መልሴ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ግብር ጫነ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ቀጥሎ የሆነውን የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። አሮጌ መኪና እንዳይገባ ተብሎ የወጣው ሕግ እዚሁ ያረጀውን ከጡረታ መለሰው፤ ዋጋውንም ሰቀለው። የኤሌክትሪክ መኪናውማ ላም አለኝ በሰማይ ነው። መብራት ሲሄድ በሻማ ጽሑፍ የምጨርስ ሰው መኪናዬን በምን ልሞላት ነው?

እናም ዲኤክሷን ገዛሁ። የከፈልኩት በእቁቤና እናቴ ባሕር ዛፍ ሸጣ በሰጠችኝ ገንዘብ ነው። ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያሳየኝ ዓይኔ ተንከራተተ። የቴስታው ክዳን ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል፣ የፊልትሮው ቆርቆሮ ሰማያዊ፣ የባትሪው ማሰሪያ ብርማ። ከሠርግ ቤት የወጣ ሰሃን ይመስላል። «ሞተሩ አልተነካም» አለኝ። አመንኩት። ውሉ ላይ «አይቼና ወድጄ ገዛሁ» የምትለዋን ሐረግ ሳላነባት ፈረምኩ። ሆለታ ሳልደርስ ሞተሩ ፈላ። በሰው ግፊያና በጄሪካን ውሃ እየታገዝኩ ጊንጪ የገባሁት ከመሸ ነው።

በማግስቱ ለሠፈራችን ሽማግሌ መካኒክ አሳየሁ። እኒህ ሰው ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው ብዙ አላዩም። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከቴስታው ጠርዝ ላይ ቀለሙን ጫር አደረጉት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠና ከሥሩ ጥቁር ዘይት ብቅ አለ። አዩኝና «ልጄ፣ ይቺ መኪና ተቀባች እንጂ መቼ ተሠራች?» አሉኝ። ጋስኬቱ ተቃጥሏል፣ ቴስታውም ጠምሟል። የእናቴ ባሕር ዛፍ ቴስታ ማስላጫ ሆኖ ቀረ።

ቀለም መቀባት የተማርኩት ከዚህ በኋላ ነው። በቀለም የተታለለ ሰው ቀለምን ቢጠላ ያምርበት ነበር። እኔ ግን የጋሼን ጥፍር ሳስበው ሌላ ነገር ገባኝ። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም፤ ቀለሙ ከሥራው በፊት መምጣቱ ነው። መጀመሪያ ይሠራል፣ ከዚያ ይጸዳል፣ ከዚያ ይቀባል። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው ጋራዥ ሳይሄድ እቤቱ ግቢ ውስጥ ሊሠራው ይችላል። በተለይ መንገዱ ሰላም መሆን አለመሆኑን ጠይቆ ለሚነሳ የአገራችን ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንዴት እንደምሠራው በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ለአንዳንዱ አንባቢ ይጠቅም ይሆናል። በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ሽቦ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን እፈታለሁ። ሊፈታ የሚችለውን ዕቃ ሁሉ ፈትቼ ከመኪናው አርቄ ነው የምቀባው፤ እዚያው እንዳለ መቀባት የደላላ ሥራ ነው። በባትሪው ዙሪያ ያለው ነጭ ዱቄት አሲድና እርሳስ ያለበት ስለሆነ በእጅ አይነካም። በውሃ የተበጠበጠ የመጋገሪያ ሶዳ ሲፈስበት ይንጨረጨርና ይሞታል። (ጎረቤታችን አምቦ ውሃም ቢካርቦኔት አያጣም፤ እሱን ግን ለሆዳችን እንተወው።) የዘይቱን እድፍ በናፍጣ፣ ናፍጣውን በሙቅ ውሃና በኦሞ አነሳለሁ። ቅባት ያለበት ብረት ቀለም አይዝም። ከዚያ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በሻካራ፣ መጨረሻ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት እፍቃለሁ። በቲነር በራሰ ጨርቅ ወልውዬ አንቲራስት እቀባለሁ። ሲደርቅ ቀለሙን ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጌ እደርባለሁ። አንዴ በወፍራሙ የተቀባ ይወርዳል፣ ሞተሩ ሲሞቅም ያብጣል። ስስ ሆኖ የተደረበ ግን ሲሞቅ ይበልጥ ይጠነክራል። ከመግጠሜ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን አሳድረዋለሁ።

የማይቀባም አለ። የራዲያተሩ ክንፎች ወፍራም ቀለም ከጠጡ ሙቀት አይለቁም፤ መኪናዋን ራስህ አፈላሃት ማለት ነው። ጎማ ቱቦዎችና ቺንጋ አይቀቡም። ኔጌቲቭ ሽቦ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ አይቀባም፤ ከተቀባ ሞተሪኖው ይለግማል። ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው ብረት ሲግል ከ500 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ተራ ቀለም ይቃጠልበታል፣ ይሸታል፣ ይጨሳል። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው አጠገብ የተቀባ ደግሞ አንድ ጠብታ የፍሬን ዘይት ሲነካው ይላጣል።

ከሁሉም በላይ የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ አይነኩም! በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች የሻንሲው ቁጥር የሚገኘው ኮፈኑ ሲከፈት ከሞተሩ ጀርባ ባለው ላሜራ ላይ ተቀርጾ ነው። በወፍራም ቀለም የደፈነው ወይም በብርጭቆ ወረቀት የፋቀው ሰው ከሊብሬው ጋር ሲመሳከርበት የሌባ ያህል ይቆጠራል። በወረቀት ፕላስተርና በጋዜጣ ይሸፈን። እኔ የምሸፍነው የራሴ ጽሑፍ በወጣበት ጋዜጣ ነው፤ ቢያንስ አንድ ቀን እውነተኛ ቁጥር ጠበቀ።

አንድ ነገር ሳላስጠነቅቅ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። በአሮጌ መኪና ላይ ያለ የድሮ ቀለም እርሳስ (ሊድ) ሊኖርበት ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ደንቡ ግን ከዚያ በፊት የተቀባውን ዲኤክስ አይፍቅም፤ የምትፍቀው አንተ ነህ። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ልጆች ከገባባቸው እርሳስ ሰውነታቸው የሚወስደው ከአዋቂው አራትና አምስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ደረቅ አቧራ አታስነሱ፤ በውሃ እያራሳችሁ ፈግፍጉ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችንና ዶሮዎችን አርቁ፣ ልብሳችሁን ለብቻው እጠቡ። ስፕሬና ቲነር ደግሞ እሳት ይወዳሉ። እኔ አንድ ቀን ቆርቆሮዬን ስነፋ እማዬ በረንዳው ላይ ቡና ልታፈላ ከሰል አያይዛ ኖሮ፣ ቤታችንም ጽሑፌም በአንድ ላይ ሊነዱ ለጥቂት ተረፉ። ከዚያ ወዲህ የቀለም ቀን ቡናው ከጎረቤት ነው የሚጠጣው።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ዲኤክሷ ተሠርታ፣ ተቀብታ፣ ከተማ ውስጥ ስትታይ ወሬው ደላላ ጆሮ ገባ። አንዱ ግቢያችን ድረስ መጣ። «ወንድሜ፣ እጅህ ወርቅ ነው። ለገበያ የሚወጡ መኪኖች ሞተር ቤታቸውን ታሳምርልኛለህ?» አለኝ። ለአንድ መኪና የጠራልኝ ዋጋ ለአንድ ጽሑፍ ከሚከፈለኝ ሦስት እጥፍ ነበር። ያውም በእጅ፣ ያውም በዚያኑ ዕለት። ዲፕሎማዬን አሰብኩት፣ የቤት ኪራዬን አሰብኩት፤ እሺ አልኩ። ያመጣልኝ ኮሮላ ከጋስኬቱ ሥር ዘይት ያልበዋል፣ የራዲያተሩ አናት በሙጫ ተለጥፏል። አየሁት። ዘይቱን ወለወልኩ፣ ቀባሁት፣ ብሬን ተቀበልኩ። «እኔ ቀቢ ነኝ፣ ሻጭ አይደለሁም» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ መምህር መኪናቸውን በሰው እያስገፉ እኛ በር ላይ ደረሱ። ሰው «ሞተር የሚያሳምር ልጅ አለ» ብሎ ልኳቸው ነው። ኮፈኑን ሲከፍቱት የገዛ እጄን ቀለም አወቅሁት። «ተመልከት እስቲ ልጄ፣ እንደ መስተዋት ነው እኮ! ምን ነካብኝ?» አሉኝ። የገዙት ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድረው ነው። ባለቤታቸውን ለሕክምና አዲስ አበባ ሊያመላልሱበት ነበር። ምላሴ ተሳሰረ። ኋላ ግን «መምህር፣ የቀባሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ስትቀባው ዘይቱን አላየኸውም?»

አንባቢ ሆይ፣ በጋዜጠኝነት ዘመኔ ሰው ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ የከበደ ጠይቄ አላውቅም። የተቀበልኩትን ብር መለስኩላቸው፤ ለጥገናው ግን ሩቡንም አይሞላም። ቀሪውን ጋሼ በዱቤ ሠሩላቸው። ሆለታ ሳልደርስ ያፈላብኝን ሻጭ ስረግም የኖርኩ ሰው፣ ለካ እኔም እሱኑ ሆኛለሁ። ደላላው ተመልሶ ሲመጣ በር አልከፈትኩለትም። ሌላ ቀቢ ግን አላጣም፤ ቀለም የቆርቆሮ ልብስ መሆኑ ቀርቶ ጭምብል ሲሆን ገበያው ሰፊ ነው።

ስለዚህ ለገዢዎች ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ልስጣችሁ። ሞተር ቤቱ እንደ አዲስ ሰሃን ካብለጨለጨባችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ጠርጥሩ። ቀለሙ በቡሎኖቹ ራስና በጋስኬቱ ጠርዝ ላይ ሳይቆራረጥ ካለፈ፣ ሽቦና የራዲያተር ጎማ ላይ ከተረጨ፣ ዕቃው ሳይፈታ ነው የተቀባው። ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሡ፤ ቀድሞ አሙቆ የሚጠብቃችሁ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጣችሁ እዩ፤ ከሥሩ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ሳይገናኙ አልቀረም። ግማሽ ሰዓት ያህል ዳገት ባለበት ንዱት፣ መልሳችሁ ከፍታችሁ በነጭ ጨርቅ ጠርዝ ጠርዙን ዳብሱት። የባትሪ መቀመጫውን ከታች በእጃችሁ ፈትሹት። ቁጥሮቹን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ሻጩ በዚህ ከተቆጣ መኪናውን ትታችሁ ሂዱ።

ነገር ግን ሁሉንም በገዢው ጫንቃ ላይ መጣል ደግሞ የመንግሥት ልማድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል። ጉድለቱን በተንኮል የሸሸገ ሻጭ ኃላፊ አይደለሁም የሚል ቃል በውሉ ቢያስገባም አያድነውም። ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ማሳወቅ አለበት። ሕጉ ስድሳ ዓመት አልፎታል፣ አልዛገም። የዛገው አፈጻጸሙ ነው። መምህሩ የትኛውን ፍርድ ቤት፣ በስንት ቀጠሮ፣ በማን ደመወዝ ይመላለሱ?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የመኪና ሽያጭ ውል ሲፈረም ሻጩ የሚያውቀውን የሞተር ጉድለት የሚዘረዝርበት አንድ ገጽ ከውሉ ጋር ይያያዝ። የመጨረሻው የቦሎ ምርመራ ውጤትም ከሊብሬው ጋር ለገዢው ይሰጥ። አሮጌውን መኪና ጠልቶ አዲሱን ለሕዝብ ማቅረብ ያልቻለ መንግሥት ቢያንስ የጋስኬት፣ የራዲያተርና የፍሬን ዕቃ ቀረጥ ይቀንስ፤ ሰው የሚቀባው መሥራት ሲያቅተው ጭምር ነውና። በእርሳስ ላይ የወጣው ደንብም በየሰፈሩ ቀለም መሸጫ ቆጣሪና ተቆጣጣሪ ይኑረው።

ነገሩ ከመኪና ያልፋል ብል አትታዘቡኝ። ከ2016 ወዲህ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ፊታቸው ተቀባ። ከተማ ቢያምር የሚጠላ የለም፤ እኔም ቀቢ ነኝ። የምጠይቀው ግን መምህሩ የጠየቁኝን ነው፦ ስትቀቡት ከኋላው ያለውን አላያችሁም? ፊት ለፊቱ ሲያበራ የጓሮው ቧንቧ ውሃ አለው? ከመንገዱ ዳር የተነሣው ሰው የት ገባ? የሥራ ሪፖርትም ቢሆን ቀለም ነው። «አመርቂ ውጤት» እየተባለ በየሩብ ዓመቱ ይደረባል፤ በጥፍር ጫር የሚያደርግ ሽማግሌ ግን ስብሰባው ላይ አይጠራም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት አባቶች መኪና ሳያዩ ነው።

እንግዲህ ጎረቤቴ፣ መልሴ ይኸው። አገር እንዲህ ሆና ቆርቆሮ የምቀባው ያቺ አሮጊት እናቴን ገበያ ስለምታደርስልኝ ነው። ደግሞም ተሠርቶ፣ ታጥቦ፣ ዝገቱ ተፍቆ የሚቀባ ነገር ምን እንደሚመስል ቢያንስ በአንድ የባትሪ መቀመጫ ላይ ማየት ስለምፈልግ ነው። አሁን ደርቋል፤ ነገ እገጥመዋለሁ። ስታልፍ ግባና በጥፍርህ ጫር አድርገው።

ቸር ይግጠመን።